«አንቺ ነሽ ያስለመድሻት»፦ ማሞቂያ ክፍል ስለቆየች ጨቅላና መድኃኒት ስለለመደ ባክቴሪያ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዘዞ፣ ጎንደር ነው። ልጄን የወለድኳት ጊዜዋ ሳይደርስ በ32 ሳምንቷ ነው። 1 ኪሎ ተኩል ነበረች። ወዲያው ማሞቂያ ክፍል ገባች፤ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ተጀመሩላት። መጀመሪያ ደህና ነበረች። በ8ኛው ቀን ግን ወተቱ አልረጋላት አለ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ደም ተወስዶ ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለየው ምርመራ፣ ተሠራ። ‹ክሌብሲየላ ነው፣ ብዙ መድኃኒት የለመደ ነው› አሉን። ሜሮፔነም የሚባል ጠንካራ አንቲባዮቲክ ከውጭ ግዙ ተባለ፤ ባለቤቴ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ፋርማሲ ሲያስስ ዋለ። ተመስገን ዳነች። አሁን ቤት ናት፣ 80 ቀኗም ደርሶ ክርስትና ተነስታለች። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። እርጉዝ እያለሁ ለሽንት ኢንፌክሽን ሐኪም አዝዞልኝ አሞክሳሲሊን ወስጄ ነበር። አማቴ ‹አንቺ ነሽ ያስለመድሻት› ትለኛለች። እውነት ከእኔ ነው የመጣው? ተመልሶ ይመጣባት ይሆን? ለ4 ዓመት ወንድሟስ ይተላለፋል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽንም እንኳን ለክርስትናዋ አበቃት። 1 ኪሎ ተኩል ሆና ተወልዳ፣ ያን ሁሉ አልፋ ቤቷ መግባቷ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከሕፃናት የሚወሰደውን ደም ተቀብለን ባክቴሪያውን የምናበቅለውና የምንለየው እኛ ነን። የምመልስልሽም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው። እንቅልፍሽን እንድታገኚ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አንቺ አላስለመድሻትም። የወሰድሽው አሞክሳሲሊን ይህን ባክቴሪያ አልፈጠረውም። ልጅሽን ያገኛት እዚያው ሆስፒታል ውስጥ የመሆኑ ነገር እጅግ ያመዝናል። ወንድሟም የሚያሰጋው ነገር የለም።

አሁን ወደ ረጅሙ ልሂድ፤ ለአማትሽም አንብቢላቸው።

ችግሩ «ለመደ» የሚለው ቃል ጋር ይጀምራል። በአማርኛ «መድኃኒቱን ለምዶታል» እንላለን። ማን ነው የለመደው? ብዙ ሰው የሕፃኗ ሰውነት ይመስለዋል። እናትየዋ በእርግዝናዋ መድኃኒት ወሰደች፣ ልጅቷ ማሕፀን ሆና ለመደችው፣ አሁን አይሠራላትም፤ ሐሳቡ ይህ ነው። አማትሽም ያሉት ይህንኑ ይመስለኛል። ክፋት የለባቸውም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራል። ግን ሰውነት አንቲባዮቲክ አይለምድም። የሚለምደው ባክቴሪያው ነው። እሱም እንደ ሰው ቀስ እያለ ተለማምዶ አይደለም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መካከል መድኃኒቱ የማይነካቸው ጥቂቶች ይኖራሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል እነዚያ ይተርፋሉ። ሜዳው ባዶ ይሆንላቸውና ይራባሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ዘረመል እርስ በርሳቸው መሰጣጣታቸው ነው። አንዱ ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ዝርያቸው የተለያየ ቢሆን እንኳ። ብዙ መድኃኒት ለሚሰጥበት ክፍል ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ዓመቱን ሙሉ ደካሞቹ እየተገደሉ ጠንካሮቹ የሚቀሩበት ቦታ ነው።

ስለ ክሌብሲየላ ትንሽ ላውራሽ። ሳህን ላይ ሲበቅል አይቼው የማልረሳው ነው። ማኮንኪ በምንለው ማብቀያ ላይ ሮዝ፣ እርጥብ፣ ወፈር ያለ ሆኖ ይወጣል። በሽቦ ነካ አድርገሽ ብታነሺው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ያ ዝልግልግ ነገር ልብሱ ነው፤ ከሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይሸፍነዋል። በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ምንም ሳያደርግ ሊኖር ይችላል። ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች ሕፃን ደም ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንቺን የሚመለከተው ቁም ነገር አለ። ክሌብሲየላ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን የማይነካው ከተፈጥሮው ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚሰብር ኢንዛይም አብሮት የተፈጠረ ነው። አንቺ አሞክሳሲሊን ወሰድሽም አልወሰድሽም እሱ ያው ነበር። ልጅሽ ላይ ችግር የፈጠረው ከዚያ በላይ ያለው ነው። እንደ ሴፍትሪያክሰንና ሴፎታክሲም ያሉትን ጠንከር ያሉ አንቲባዮቲኮች ጭምር የሚሰብር ሌላ ኢንዛይም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ብዙ መድኃኒት የለመደ» የሚባለው ክሌብሲየላ እሱን የያዘው ነው። ጄንታማይሲንን የሚያከሽፍ ዘረመልም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጓዛል። እንዲህ ያለው ክሌብሲየላ የሚገኘው በብዛት ሆስፒታል ነው።

እውነቱን ሳልሸራርፍ ልንገርሽ፤ ማንኛውም አንቲባዮቲክ የሚወስደውን ሰው አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያበጥራል። ስለዚህ ያለ ምክንያት አይወሰድም። አንቺ ግን ምክንያት ነበረሽ። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን ዝም ከተባለ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ምጥንም ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል። መታከምሽ ልክ ነበር። ለሚቀጥለውም እርግዝና ተመሳሳይ ነገር ከገጠመሽ ታከሚ።

ከሆስፒታሉ ነው ያልኩት በምን ተነስቼ ነው? በቀኑ። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ በምጥና በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በአብዛኛው ከአካባቢ ነው። ልጅሽ የታመመችው በ8ኛው ቀን ነው። ለዚያውም ባክቴሪያው የሆስፒታል ጠባይ አለው። በእኛ አገር ሆስፒታሎች ደግሞ የሆስፒታሉ ባክቴሪያ 72 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሕፃኑን የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ባዶ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማን ቀድሞ ይገባል ነው ጥያቄው። እናቱ ደረት ላይ ተኝቶ እንገር የሚጠባ ልጅ የእናቱን ባክቴሪያ ያስገባል። እነሱ ለእሱ ጠላት አይደሉም። ማሞቂያ ክፍል ያለ ልጅ ግን የክፍሉን ያስገባል። ክፍሉ ይጨናነቃል፤ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጭልጋ፣ ከመተማ ሪፈር የሚመጣው ሁሉ ጎንደር ይደርሳል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ሁለትና ሦስት ሕፃን በአንድ ማሞቂያ የሚተኛበት ቀን አለ። አንዲት ሲስተር የብዙ ሕፃናትን ቱቦ ትይዛለች፣ መርፌ ትሰጣለች፣ የሽንት ጨርቅ ትቀይራለች። ባክቴሪያው እግር የለውም። የሚሄደው በእጅ ነው። በሚዛን፣ በስቴቶስኮፕ፣ በኦክስጅን ቱቦ፣ ለብዙ ሕፃናት በሚቀዳ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ይሄዳል። ከዚያ የደም ሥር መስመሩ በር ይሆንለታል። 32 ሳምንት ላይ የተወለደች ልጅ ደግሞ ቆዳዋ ስስ ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው የበሽታ መከላከያ አብዛኛው የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው፤ እሷ እነዚያን ሳምንታት አላገኘቻቸውም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት እኔ እሠራበት በነበረ ሆስፒታል በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአምስት ሕፃናት ደም ክሌብሲየላ አበቀልን። አምስቱም የሚቋቋሟቸው መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ነበሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባን፤ አምስት በሽታ ሳይሆን አንድ ምንጭ ነው። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ይዘን ክፍሉን አዳረስነው። ማሞቂያውን፣ ሚዛኑን፣ ቧንቧውን፣ የበር እጀታውን ሁሉ ናሙና ወሰድን። ባክቴሪያው የተገኘው ፈሳሽ ሳሙናው ውስጥ ነው። ሳሙና ሲያልቅ ዕቃው ሳይታጠብ ላዩ ላይ ይጨመርበት ነበር። እንዳያልቅ ደግሞ ውኃ ይበረዝበታል። ሲስተሮቹ በየቀኑ እጃቸውን በእሱ እየታጠቡ ነበር። ሕፃን ከመንካታቸው በፊት በደንብ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ይነኩታል። ሰነፍ ሰው አልነበረም እዚያ ክፍል። ሳሙና እንዳይጠፋ የተጨነቀ ሰው ነበር የበረዘው። ከአምስቱ ሁለቱ አርፈዋል። ያን ሳህን ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ።

ይህን የምነግርሽ ልጅሽ የታከመችበትን ቦታ እንድትጠረጥሪ ብዬ አይደለም። እዚያ ምን እንደነበር አላየሁም። እንዲህ ያለ ነገር እናት ልትከላከለው የምትችለው አለመሆኑን እንድታውቂ ነው። ዓለም ላይ ያለ ጣጣም ነው። ኢትዮጵያ ያለችበት፣ በሰባት አገሮች የተሠራና ባርናርድስ የሚባል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ወጥቷል። ከጨቅላዎች ደም ጎልቶ የወጣው ይኸው ክሌብሲየላ ነበር። ብዙዎቹም አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የማይሠራባቸው ነበሩ።

«ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ሜሮፔነም አልሰጧትም?» ሳትዪ አትቀሪም፤ ባለቤትሽም ያን ሁሉ ፋርማሲ ሲዞር ያሰበው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሞቹ ልክ ነበሩ። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የዓለም ጤና ድርጅትም ለጨቅላ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ የሚያዝዘው ነው። ሲጀምሩላት ምን ባክቴሪያ እንዳለ፣ መኖሩንም ጭምር አያውቁም። ካልቸር ጊዜ ይወስዳል። ከዚያች ከምታህል ልጅ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወሰዳል። ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ በሰውነት ሙቀት ይቀመጣል። ባክቴሪያ ካለ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይታያል። ከዚያ ሳህን ላይ ይዘራል፣ አንድ ሌሊት ያድራል። ማንነቱ ይለያል። ቀጥሎ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደሩበትና እንደገና ያድራል። ጠዋት ማስመሪያ ይዘን በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ክብ በሚሊ ሜትር እንለካለን። ክቡ ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ከበቀለ አይሠራም። ሦስትና አራት ቀን በዚህ ያልፋል። ሐኪሙ እስከዚያ የሚሰጠው ገምቶ ነው። ካልቸር የማይሠራባቸው ሆስፒታሎች ደግሞ አሉ፤ እዚያ እስከ መጨረሻው ግምት ነው።

ሜሮፔነም ለገባ ሕፃን ሁሉ ይሰጥ ቢባል ምን ይመጣል? እሱንም የሚሰብር ክሌብሲየላ ይበዛል። ይህ የወደፊት ሥጋት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ክሌብሲየላ አሁንም አለ፣ በአገራችንም ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የአስጊ ባክቴሪያዎች ዝርዝር አናት ላይ ያስቀመጠውም እሱን ነው። እሱ ሲመጣ የሚቀረው እንደ ኮሊስቲን ያለ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ እሱንም በየፋርማሲው አታገኚውም። ልጅሽን ሜሮፔነም ያዳናት ከእሷ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ስለቆጠቡት ጭምር ነው።

ተመልሶ ይመጣባት እንደሆን ጠይቀሻል። ደሟ ውስጥ የነበረው ታክሞ ጠፍቷል። አንጀቷ ውስጥ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን ስትሰሚ አትደንግጪ። መሸከምና መታመም ይለያያሉ። ብዙ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል። እሱን ለማጥፋት ተብሎ መድኃኒት አይሰጥም፤ ቢሰጥ ጎጂ ነው። ቦታውን የሚያስለቅቁት ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱን የሚመግበው ደግሞ ጡትሽ ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ስጫት። ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውኃ፣ ስኳር በውኃ አያስፈልጋትም። አማትሽ ይህን በፍቅር ሊያደርጉ ይፈልጉ ይሆናል፤ በፍቅር እምቢ በያቸው።

ገላ ለገላ ታቅፈሻት ከነበረ ቀጥዪበት። ካንጋሮ የሚሉት እንክብካቤ ለማሞቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአራት የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ ሆነው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ገና እንደተወለዱ ከእናታቸው ደረት የተለጠፉት፣ እስኪረጋጉ ከተለዩት ይልቅ ሞታቸው በ25 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በደም ኢንፌክሽን የተጠረጠሩትም ከእነዚያ ያነሱ ነበሩ። ከእናቱ ቆዳ የሚያገኘው ባክቴሪያ ቀድሞ ቦታ ሲይዝ ለክፍሉ ባክቴሪያ መግቢያ ይጠብበታል።

ልብ ብለሽ የምታያቸው ምልክቶች አሉ። መጥባት ከቀነሰች ወይም ካቆመች፤ ሰውነቷ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሞቀ ወይም ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘ፤ ደረቷ እየተሰረጎደ ከተነፈሰች ወይም ሳታለቅስ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፤ ከተንቀጠቀጠች፤ ካልነካካሻት በቀር የማትንቀሳቀስ ከሆነ። አንዱን ካየሽ አትደሪ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት። በ32 ሳምንት ለተወለደች፣ ጄንታማይሲንም ለወሰደች ልጅ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ያስፈልጋልና ካልተደረገላት ጠይቂ። ክትባቷ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው፤ ያለ ጊዜዋ መጣች ተብሎ አይዘገይም።

ስለ ወንድሟ ብዙ የምለው የለኝም። የ4 ዓመት ጤነኛ ልጅ ነው፤ ያቅፋት፣ ይሳማት። የሽንት ጨርቅ ከቀየርሽ በኋላና ከማጥባትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እሱንም አስታጥቢው። ጉንፋን ሲይዘው ግን ፋርማሲ ሄደሽ «አሞክሳሲሊን ስጡኝ» አትበዪ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስንቱ ቦታ ግን እንደ ከረሜላ ይሸጣል። መሳቢያ ውስጥ የቀረ የሽሮፕ ትራፊ ካለሽም አታስቀምጪው።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ ሳኒታሪያኖችም ነበሩ። ሥራቸው ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ ንጽሕና ነበር። ያን ጊዜ ሰው በሽታ ከመምጣቱ በፊት ውኃውን ማየት እንዳለበት ተገንዝቦ ነበር። ዛሬም ለጨቅላዎቹ ክፍል የሚያስፈልገው እሱ ነው። የከተማችን ውኃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው በደረቀበት ቀን እጅ መታጠብ አይቻልም። አልኮል ግን ይቻላል። ኤታኖል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ግሊሰሪንና ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ የሚባለው ንጹሕ ውኃ ካለ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ቀመሩን የዓለም ጤና ድርጅት አውጥቶታል። በየማሞቂያው አጠገብ አንድ ጠርሙስ ማንጠልጠል፣ ሕፃን ከመንካት በፊትና በኋላ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት። ሜሮፔነም ከማስገዛት ይህ እጅግ ይረክሳል። ልጅ ተኝቶለት ክፍሉ ውስጥ ያለ ወላጅም ዝም አይበል። «ሲስተር፣ አልኮሉ አልቋል» ማለት ድፍረት አይደለም። እነሱም ቢሆኑ አለቃቸውን የሚጠይቁበት ምክንያት ያገኛሉ።

በመጨረሻ ሥራ ልስጥሽ። የካልቸሩን ውጤት ወረቀት ይዘሽ እንደሆነ ፈልጊ። ከሌለሽ ሄደሽ ካርዷን አስወጪና ግልባጭ ለምኚ፤ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ልጅሽ ወደፊት ታማ ሆስፒታል ከገባች ገና በር ላይ «ጨቅላ ሆና ብዙ መድኃኒት የለመደ ክሌብሲየላ ነበረባት» ብለሽ አሳያቸው። ሐኪሙ ያን ጊዜ ከዜሮ አይገምትም። ላብራቶሪ ላለነውም አንድ ቀን ያተርፍልናል።